ሊቀ ቅርጫት ገነነና ያልተነሣው ምርት

በዚህ አገር ተሸንፎ የሚያውቅ አሰልጣኝ የለም። ተጫዋቹ ይሸነፋል፤ ዳኛው ይሸነፋል፤ ነፋሱ፣ ፀሐዩ፣ ኳሱን የነፋው ሰው ሳይቀር ይሸነፋል። አሰልጣኙ ግን በማግሥቱ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከወትሮው ቀና ብሎ ሲሄድ ታገኙታላችሁ። «ድሮስ ምን አልኳችሁ?» ይላል። ምንም አላለም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የፍኖተ ሰላሙን የመሰለ ግን እስካሁን አልታየም።

እሳቸው የመምህራን ኮሌጁ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ገነነ ክንዱ ነበሩ። «ሊቀ ቅርጫት» የሚለውን ማዕረግ ያወጣላቸው የታሪክ መምህሩ ኪዳነ ማርያም ነው። ኪዳነ ማርያም በወጣትነቱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፍልስፍና ቀምሷል። ከዚያ ወዲህ ያየውን ሁሉ ይመዝናል፤ የመዘነውም ሁሉ ቀልሎ ይገኝበታል። ደብር ለሊቃውንቱ ማዕረግ ከሰጠ ኮሌጅስ ለምን ይቅርበት ብሎ በመምህራን ክበብ የወረወራት ቀልድ መጀመሪያ ተማሪው ዘንድ ገባች፣ ከዚያ ገበያ ወጣች፣ በመጨረሻ ጅጋ ድረስ ተሰማች። ባለማዕረጉ ግን ቀልዱን እንደ እውነተኛ ሹመት ተቀበሉት። መንገድ ላይ አግኝተውት ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና «እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔታ» አሉት። ኪዳነ ማርያም ያን ዕለት እራቱን ሳይበላ ተኛ።

ሜዳቸው ሲሚንቶ አያውቅም። ከኮሌጁ አጥር ጥግ፣ የገበሬው በቆሎ ከሚጀምርበት አጠገብ ያለ ክብ መሬት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ተጫዋቾቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው በእበት ይለቀልቁታል። በሁለት ወገን የባሕር ዛፍ ግንድ ቆሟል፤ ግንዱ ላይ ከተማ ውስጥ ያለ በያጅ አጥፎ ክብ ያደረገው ብረት አለ። በክብ መሬት ላይ እንዴት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ይሠመራል ያላቸው ሰው ነበር። እህል የሚወቃው በክብ ነው፣ ማዕዘን የሚወድ ፈረንጅ ነው ብለው መለሱለት። በጫማ መግባት ክልክል ነው፤ አውድማ በጫማ አይረገጥም። ልምምዱም ውቂያ ነው። ልጆቹ ጎን ለጎን ትከሻ ለትከሻ ይያዙና እንደ በሬ ይዞራሉ፤ ሊቀ ቅርጫት መሐል ቆመው «ዙርልኝ በሬዬ» እያሉ ያዜማሉ። ይታገሱ የሚባል፣ ቁመቱ ከበሩ መቃን የሚያልፍ ተጫዋች አንድ ቀን መሮት፣ ኧረ አያ ገነነ፣ ኳስ የምንይዘው መቼ ነው ብሎ ጠየቀ አሉ።

«በሬ ገለባ የሚቀርብለት ከዞረ በኋላ ነው» አሉት።

ይህ ሁሉ ይሁን። ከሁሉ የባሰው መቁጠር መከልከሉ ነው። የአገሩ ገበሬ አውድማ ላይ ቆሞ እህሉን ጮክ ብሎ አይቆጥርም። የተቆጠረ በረከት ይሸሻል፤ የሚሸሸውንም ዳር ቆሞ የሚጠብቅ፣ የማይታይ አለ ይባላል። ሊቀ ቅርጫት ይህን ሕግ እንዳለ ወደ ስፖርቱ አገቡት። ነጥብ የጠራ ተመልካች ይባረራል። ኳስ ሲገባ «ይበርክት» ይባላል እንጂ ሌላ ቃል አይወጣም። ተሸንፈው ሲመለሱ ስንት ለስንት ብሎ የጠየቃቸው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ «ምርት ሳይነሣ አይወራም።» ዱርቤቴ ሄደው የተቀጠቀጡ ጊዜ እንኳ ከሚኒባሱ እንደ ሙሽራ ተረጋግተው ወርደው ይህንኑ አሉ። ጠያቂው ውጤቱን የሰማው ለእህል ንግድ መራዊ በሄደ ጊዜ ከሌላ ሰው አፍ ነው።

የኮሌጁ ዲን ወይዘሮ ያምሮት በዚህ ነገር ተሰላቹና፣ በዚህ ቡድን ውስጥ ቢያንስ አንድ የሚቆጥር ሰው ይኑር ብለው ኪዳነ ማርያምን ነጥብ መዝጋቢ አድርገው መደቡት። ክፉ ሥራ አልነበረም። ወንበር ላይ ተቀምጦ በሰው መሳቅ ለእሱ ከደመወዝ በላይ ነው።

ሳቁ የቆመው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ልጆቹ ሲዞሩ እንዲሁ በዓይኑ ቆጠራቸው፤ አንድ ትርፍ መጣ። መነጽሩን ወልውሎ ደገመ፤ ልክ ሆነ። ሌላ ቀን ቆጠረ፤ አሁንም አንድ ትርፍ መጣ። ትርፉ የቱ እንደሆነ ለማወቅ እያንዳንዱን በልቡ በስሙ ሲጠራው ሁሉም አሉ፣ የሚተርፍ የለም። ስሙን ትቶ ራስ ሲቆጥር ግን ያ አንዱ ይመለሳል፤ ሁልጊዜ ወደ በቆሎው በኩል፣ ሁልጊዜ ጀርባውን ሰጥቶ። ሰው በስሙ ሲታወቅ ይሞላል፣ በቁጥር ሲታወቅ ግን ወይ ይጎድላል ወይ ይተርፋል ብሎ ተፈላሰፈ። ፍርሃት ሲይዘው ነበር እንዲህ የሚፈላሰፈው።

ሊቀ ቅርጫት በቀትር ማንንም ወደ ሜዳው አያስጠጉም። ኪዳነ ማርያም ይህን እያወቀ፣ በነሐሴ መጨረሻ ዝናቡ ባባራበት አንድ ቀትር፣ ወደ ቤተ መጻሕፍት ለመድረስ በሜዳው አቋረጠ። ሰው አልነበረም። መሐል ሲደርስ ወፎቹ ዝም አሉ፤ የበቆሎው ቅጠል እንኳ መንኮሻኮሹን ተወ። ሞቃትና እርጥብ የበሬ ትንፋሽ ማጅራቱን ነካው። አልዞረም። ለምን እንዳልዞረ በኋላም ለራሱ ማስረዳት አልቻለም። ከዚያ ላይዳ፣ የአውድማው የእንጨት አካፋ፣ ምርቱን ዝቆ ወደ ነፋስ ሲወረውር የሚሰማው ድምፅ ከግራው መጣ፤ ቀስ ያለ፣ ደከም ያለ፣ የአንድ ሰው ብቻ ሥራ። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሠርክአዲስ ኮቱን ተቀብላ ታራግፍ ጀመር፤ ማስተማሩን ትተህ ውቂያ ተቀጠርህ እንዴ ብላ ሳቀችበት። ትከሻው ላይ የጤፍ ገለባ ነበር። በነሐሴ ጤፍ ገና ቡቃያ ነው።

ልምምድ ባለበት ቀን ሁሉ ከሜዳው ዳር ተቀምጠው ጥጥ የሚፈትሉ እማሆይ ወለተ ሐና የሚባሉ አሮጊት አሉ፤ የአሰልጣኙ እናት ናቸው። ኪዳነ ማርያም አጠገባቸው ሄዶ ተቀመጠ። መሬቱ የማን ነበር ብሎ ጀመረ። የባላቸው የአቶ ክንዱ አውድማ ነበር። በመሬት ድልድሉ ዓመት፣ ውቂያው ሳያልቅ፣ ገመድ የያዙ ሰዎች መጡ። ክንዱ፣ ምርቴን ላንሣና ከዚያ ለኩ ብለው ለመኗቸው። ሰዎቹ መሬቱን እየለኩ፣ እግረ መንገዳቸውንም ክምሩ ይህን ያህል ኩንታል ይወጣዋል እያሉ ጮክ ብለው ቆጠሩት። ክንዱ ከምርታቸው አጠገብ ቁጭ አሉ። ማታ ሊጠሯቸው ሲሄዱ በተቀመጡበት አልፈዋል። ያን ምርት ደፍሮ የነካ ሰው አልነበረም፤ የበልግ ዝናብ መታው፣ በቀለ፣ በሰበሰ። ገነነ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ስፖርት ይማር ነበር። ከዚያም ባሕር ዳር ጥሩ ሥራ አግኝቶ ሳለ፣ ኮሌጁ አውድማውን አጠረው ሲሉት ጊዜ ሥራውን ትቶ መጣ።

«ለኳስ የመጣ መስሎዎት ነው?» አሉ እማሆይ፣ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ። «አባቱ ብቻውን እየወቃ ነው፣ መምህር። ልጄ ሊያግዘው ነው የመጣ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ኪዳነ ማርያም ማዕረጉን ለቀልድ አልጠራውም። ሰው በሌለበት በልቡ «ገነነ» ይለው ጀመር፤ እኛም እንደሱ እንበለው።

በዚያ ዓመት የተማሪው ቁጥር በዝቶ መኝታ ጠበበ። ወይዘሮ ያምሮት ክፉ ሴት አይደሉም፤ ሴት ተማሪዎች ከከተማ ተከራይተው ሲንገላቱ አይተው ነው አዲስ ማደሪያ ያሳቡት። ቦታው ደግሞ ያ ክብ ሜዳ ነው። ገነነ ሲለምናቸው ቁርጡን ነገሩት። ቡድኑ የቡሬውን ቡድን አሸንፎ ለባሕር ዳሩ ውድድር ካለፈ ማደሪያው ከኮሌጁ አትክልት ቦታ ጀርባ ይሠራል። ካልሆነ ከጥምቀት በኋላ ቁፋሮው ይጀመራል። ገነነ ከቢሯቸው ወጥቶ በቀጥታ ወደ ኪዳነ ማርያም መጣ። ቀና በማለት የታወቀው አንገቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎብጦ ነበር።

«የኔታ» አለው፣ «ይህ ከተቆፈረ እሱ የት ይሄዳል?»



የቡሬዎቹ አሰልጣኝ ደረሰ ይባላል፤ እሱም ተሸንፎ የማያውቅ ሰው ነው። ገና ከመኪና ሳይወርድ ስለ ሜዳው ክብነት፣ ስለ እበቱ፣ ስለ ፀሐዩ አቅጣጫ አቤቱታውን አሰማ። ጫማ አውልቁ ሲባል፣ እኛ ለጨዋታ እንጂ ለቅዳሴ አልመጣንም አለ። ዳኛውም፣ እንደፈለጋችሁ አድርጉ ብሎ ተዋቸው። ሁለት ልጆች አንሸራትቷቸው በጀርባቸው ከወደቁ በኋላ ቡሬዎች ያለ ማንም ትእዛዝ ጫማቸውን ፈቱ።

የታኅሣሥ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከሩቅ ማሳዎች የእውነተኛው ውቂያ ዘፈን ይሰማል። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቡሬዎች በአንዲት ነጥብ ይመራሉ። ያኔ ነው ደረሰ እጁን አውለብልቦ ጨዋታውን ያስቆመው።

«ስድስት ናቸው» አለ። «እነዚህ ሰዎች በስድስት እየተጫወቱ ነው።»

ዳኛው ቆጠረ። ደገመ። ግንባሩን በእጁ ጀርባ ጠረገና ወደ ጠረጴዛው መጣ፤ እርስዎስ ስንት ይላሉ፣ መምህር ብሎ ጠየቀ። ኪዳነ ማርያም አየ። አምስቱን ልጆች አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። በበቆሎው በኩል ደግሞ ያ ሌላው አለ፤ ጀርባው በላብ ተጣብቋል፣ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ የአርሶ አደር ተረከዝ ነው። ስድስት ካለ ቅጣቱ ይወሰናል፣ ጨዋታውም ያበቃል፤ አምስት ካለ ይዋሻል። አፉን ሊከፍት ሲል ገነነ እጁን አነሣና ቅያሪ ጠየቀ።

«ይታገሱ፣ ና ውጣ።»

የቡድኑ ረጅሙ ልጅ እያጉረመረመ ወጣ። ማንም አልገባም። ዳኛው፣ የሚገባውስ ብሎ ጠየቀ።

«ገብቷል» አለ ገነነ።

ዳኛው እንደገና ቆጠረ፤ አምስት። ደረሰም በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ፤ አምስት። አንገቱን ነቅንቆ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ አሁን ገና ሕግ ተከበረ እንደ ማለት። ኪዳነ ማርያም ብቻ ልጆቹን በልቡ በስማቸው ጠራቸው። አራት ነበሩ።

ኳሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ዞረ፤ ቡሬዎች ሁሉን መንገድ ዘጉ። በመጨረሻ አንደኛው ልጅ ወዴት እንደሚወረውር ጨንቆት፣ ማንም ወደሌለበት ወደ በቆሎው ጥግ ለቀቀው። ኳሱ ከሜዳ አልወጣም። በደረት ቁመት ላይ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆመ። ከዚያ በላይዳ እንደተዘቀ እህል ቀስ ብሎ፣ ሰፋ ብሎ ወደ ላይ ተነሣ፤ ነፋሱም ጎኑን የገፋው መሰለ። በብረቱ መሐል ሲወርድ አንዳች ድምፅ አልነበረውም። ከልማዱ የተነሣ ከተመልካቹ መሐል አንድ ሰው በለሆሳስ «ይበርክት» አለ። ፊሽካው ተነፋ።

ደረሰ ልጆቹ ላይ ሲጮህ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ፤ ያንን ሽማግሌ መያዝ አቅቷችሁ ነው ይላቸው ነበር። ልጆቹም አልካዱም፤ በክንዱ ገፍቶን ነው አሉ እንጂ።

ከተመልካቹ መሐል የነበሩት ወይዘሮ ያምሮት መዝገቡን ሊያዩ ተነሥተው ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉ። የመጨረሻዋን ማን አገባት ብለው ጠየቁ።

«አቶ ክንዱ» አለ ኪዳነ ማርያም።

«እንዲህ የሚባል ተማሪ አለን?»

«ከኮሌጁ በፊት የነበሩ ናቸው፣ እመቤቴ።»

ዲኗ ነጠላቸውን ሰብስበው ሄዱ። ማደሪያው ከአትክልቱ ጀርባ እንደሚሠራ በማግሥቱ ተነገረ።

ሰዉ እየጨፈረ ልጆቹን ተሸክሞ ወደ ከተማ ሲሄድ ገነነ አልተከተለም። ኳሶቹን አውጥቶ ጣለና የኳስ ማስቀመጫውን ጆንያ መሐል ሜዳው ላይ ዘረጋ። ተንበረከከ። በሁለት መዳፉ ባዶውን መሬት እያፈሰ፣ በጥንቃቄ፣ ፍሬ እንዳይበተንበት እንደሚፈራ ሰው ወደ ጆንያው ይጨምር ጀመር። የጆንያው አፍ እየታጠፈበት ተቸገረ፤ ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። እማሆይ ከዳር ሆነው እንዝርታቸውን አቁመው ያያሉ።

ዩኒቨርሲቲ የተማረው፣ ሁሉን መዝኖ ቀላል ያደረገው ኪዳነ ማርያም ከወንበሩ ተነሣ። ጫማውን አወለቀ። ገብቶ ከገነነ ፊት ለፊት ተንበረከከና የጆንያውን አፍ በሁለት እጁ ከፍቶ ያዘለት። ገነነ እያፈሰ ያስገባል፤ ጆንያው ቀስ በቀስ እየከበደ የኪዳነ ማርያምን ክንድ ወደ መሬት ይስበው ነበር።