ግራንት ፔላም የመናፈሻውን ጠረጴዛ የያዙበት ዜና

ዊኒ በተወለደች በሰባተኛው ዓመት፣ የሣር ማጨጃቸው ከሥራ ባረፈ በሦስተኛው በጋ፣ በወርኃ ጥር፣ በዕለተ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ የናዲን ባል፣ የዊኒ አባት፣ ባለ ሰፊ ባርኔጣው፣ በረዶ የሞላ ሣጥን ተሸካሚው ግራንት ፔላም የልጃቸውን ልደት ለማክበር ከዎሎንጎንግ ከተማ ቤታቸው ዘመቱ። የተከተላቸውም ሠራዊት ስድሳ ቋሊማ፣ አራት ዳቦ፣ ሠላሳ ፊኛና ሁለት ታጣፊ ወንበር ነበር። ሰው ግን አንድም አልተከተላቸው፤ ጤነኛ ሁሉ ተኝቶ ነበርና።

የዘመቱትም በባሕሩ ዳር መናፈሻ ጣሪያ ያለውን ጠረጴዛና አጠገቡ የቆመውን የሕዝብ ሥጋ መጥበሻ ምድጃ ለመያዝ ነው። ያ ጥላ ቀድሞ ለደረሰ ነው፤ የሚይዘው ግን ሰው እንጂ ዕቃ አይደለም የሚል ያልተጻፈ ሕግ በዚያ አገር ጸንቷል። ስለዚህ አራቱን ምሰሶዎች በፊኛ አስረው፣ ከንጋት እስከ አምስት ሰዓት ተቀመጡ። ሽንት መጣ፤ ታገሡት።

ዊኒ ግን ጠረጴዛ አልጠየቀችም። በዋዜማው እንዲህ ስትል አውጃ ነበር፦ «አባዬ፣ ሻማውን ሳጠፋ ‹ሂፕ ሂፕ› የምትለው አንተ ነህ፣ እሺ? የእማዬ ድምፅ አይሰማም። ያንተ መርከብ ያስቆማል!» ያ ጥሪ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሕዝቡ «ሁሬ» ካላለ፣ በዚያ አገር ልጅ ዕድሜዋ የጨመረ አይመስላትም።

ወእምዝ ሜሌ የተባሉ የቶንጋ ደሴቶች አያት አርባ ዘመድና የሥጋ ትሪዎች አስከትለው መጡ፤ እንዲህም አወጁ፦ «የኔ ልጅ፣ ይሄ ጠረጴዛ እኮ ለሁላችን ይበቃል። ጫፏን ብቻ ልቀቅልን፣ አብረን እንበላለን። ቋሊማህ ደግሞ ከስቷል!»

ግራንትም ወንበር ላይ ወጥተው አወጁ፦ «ከዚህ ምሰሶ እስከዚያ ምሰሶ የኔ ነው! ከንጋት ጀምሬ ነው የተቀመጥኩት! ፊኛው አይታያችሁም?»

የማን ጣሪያ? የማን እሳት? በሕዝብ ጥላ ሥር ለአምስት ሰዓት መቀመጥ ባለርስት የሚያደርግ ቢሆን፣ እያንዳንዱ የአውቶቡስ ፌርማታ አንድ ባላባት ይወጣው ነበር።

ሜሌም አልተከራከሩም፤ ሠላሳ እርምጃ ርቀው ከአንድ ዋርካ ሥር ምንጣፍ አነጠፉ። ጊታር ተመታ፣ ኳስ ተንከባለለ። በኋላ ከዊኒ ጋር የደረሱት እንግዶቿ፣ ዘጠኙም ሕፃናት፣ አንድ በአንድ ከዱ። በመጨረሻ ዊኒ ራሷ ሄደች። ናዲንም ኬኩን ይዘው ደረሱና አወጁ፦ «ግራንት፣ ልጆቹ እዚያ ናቸው፤ ኬኩም እዚያው ነው የሚሄደው። ትመጣለህ ወይስ ጠረጴዛህን ታገባለህ?»

ግራንት ተነሡ። ዳሩ ግን በዚያች ቅጽበት ሁለት ሰዎች ሣጥን ተሸክመው በጥላው ጠርዝ ቆሙ። ግራንትም «አንዴ ብነሣ አለቀልን!» ብለው አወጁና ተመልሰው ተቀመጡ።

ሰባቱ ሻማዎች በሩ። ዊኒ ጉንጯን ነፍታ አባቷ ወዳሉበት ጣሪያ አየች፤ ሰሙ ኬኩ ላይ ተንጠባጠበ። «አባዬ፣ ና! እየቀለጠ ነው እኮ!» ስትል አወጀች። አባቷም አንድ ጣታቸውን አነሡ፤ አንድ ደቂቃ ማለታቸው ነው። ደቂቃዋም አለፈች። ዊኒ እፍ አለች። ያን ጊዜ ሜሌ፣ አርባ ዓመት በቤተ ክርስቲያን መዘምራን የተገራውን ድምፅ ከፍተው «ሂፕ ሂፕ!» አሉ። የሕዝቡ «ሁሬ» የባሕር ወፎቹን ከአሸዋው አስነሣ። በሁለተኛው ዊኒ ሳቀች። በሦስተኛው ግራንት ብቻቸውን ከጣሪያው ሥር፣ በቀጭን ድምፅ፣ «ሁሬ» ሲሉ ተሰሙ። ሁለቱ ሰዎች ወደ አሸዋው አለፉ፤ ከመካከላቸው ጠረጴዛውን ልብ ያለው አልነበረም።

እንግዲህ ግራንት ፔላም ይወደሱ! ከንጋት እስከ ቀትር ስንዝር ያላስነኩ፣ አያት ከነዘመዷ ያባረሩ፣ ልጅ ስትጠራቸው ያልተነቃነቁ፣ ድል አድራጊ! ሃያ ሰው የሚያስቀምጠው ጠረጴዛ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ የእሳቸው ብቻ ሆነ።