አቶ ፍሬን ልጃቸውን ሊልኩ ነው

በየትኛውም የዓለም ጫፍ፣ በየትኛውም ትምህርት ቤት፣ የወላጆች ስብሰባ ሊበተን ሲል እጁን የሚያወጣ አንድ ሰው አይጠፋም። ርዕሰ መምህርቷ «እንግዲህ ጥያቄ ከሌለ…» ብለው ሳይጨርሱ፣ ሰዉ ቦርሳውን አንግቶ፣ ቁልፉን በእጁ ይዞ፣ ከወንበሩ ብድግ ሊል ሲል፣ ከመሃል አንዲት እጅ ቀጥ ትላለች። ሰዉ ሁሉ ተመልሶ ይቀመጣል። የኛ ልጆች ክፍል ላይ ያቺ እጅ የአቶ ፍሬን ናት።

ፍሬን ስማቸው አይደለም፤ ማዕረጋቸው ነው። የመኪና መንዳት አስተማሪ ናቸው። የሚያስተምሩባት መኪና እንደ ማንኛውም የማስተማሪያ መኪና ሁለት ፍሬን አላት፤ አንዱ ከተማሪው እግር ስር፣ ሌላው ከእሳቸው እግር ስር። ዕድሜያቸውን የፈጁት ከሰው ጎን ተቀምጠው፣ ያ ሰው ገና ሊሠራው ያለውን ጥፋት ቀድመው እያዩ፣ ቀኝ እግራቸውን አዘጋጅተው በመጠበቅ ነው። እንዲህ ያለ ሙያ ደግሞ ማታ መኪናው ውስጥ ቆልፈውበት የሚገቡት አይደለም።

ታክሲ ውስጥ ከኋላ ተቀምጠው ወለሉን ይረግጣሉ። ፊልም ሲያዩ ሶፋው ላይ ሆነው ምንጣፉን ይረግጣሉ። የጥርስ ሐኪሙ መሰርሰሪያውን ሲያስነሳ በድንጋጤ ረግጠው፣ የሐኪሙን ባለጎማ ወንበር ከነሐኪሙ ግድግዳ አስጠግተውታል ይባላል፤ ይህን የሚለውም ሌላ ሰው ሳይሆን እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ጫማቸውን የሚጠግነው ሰውዬ «ጋሼ፣ ግራውን እኮ ምንም አላሉትም፤ ቀኙን ብቻ ነው የሚጨርሱት» ይላቸዋል። በራሳቸው ላይ ማሾፍ ይወዳሉ። እዚህ ከምጽፈው አብዛኛውን የነገሩን ራሳቸው ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጆቻችን እስኪወጡ ቆመን፣ እኛም ሆዳችንን ይዘን እየሳቅን።

ታዲያ ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ሦስተኛ ክፍሎችን ባሕር ማዶ ልወስድ ብሎ ተነሣ። የልጆቹ የመዝሙር ቡድን ከአንድ የውጭ አገር ትምህርት ቤት ለአንድ ሳምንት ተጋብዟል። የስምንት ዓመት ልጆች! ገና የግራ ጫማቸውን ቀኝ እግራቸው ላይ የሚያደርጉ! ወላጆች እስከ ዓርብ ወስናችሁ ፈርሙ ተባልን። አቶ ፍሬን እጃቸውን አወጡ።

«ለመሆኑ» አሉ።

አቶ ፍሬን «ለመሆኑ» ካሉ፣ እሳት ላይ ድስት ጥዶ የመጣ ሰው ቤቱ ደውሎ ማስጠፋት አለበት።

«ለመሆኑ ልጆቹ የሚያድሩበት ቤት ደረጃ አለው?»

«ሊኖረው ይችላል» አሉ ርዕሰ መምህርቷ።

«የደረጃው መደገፊያ ብረት መሃል ለመሃሉ ምን ያህል ክፍት ነው? ጭንቅላት ያስገባል?»

«የማን ጭንቅላት?»

«የልጅ ነዋ! የኔማ ቢገባ የራሴ ጥፋት ነው።»

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ግን ገና መሞቃቸው ነው።

«አንዱ ልጅ ሌሊት ባንኖ እናቱን ቢጠራስ? ማን ይሄድለታል?»

«አስተማሪ አብራቸው ታድራለች።»

«አስተማሪዋን እንቅልፍ ቢወስዳትስ?»

«ሁለት ናቸው፤ በተራ ነው የሚተኙት፤ አንዷ ነቅታ ትጠብቃለች።»

«ባለተራዋን እንቅልፍ ቢወስዳትስ?»

ከኋላ አንዱ አባት «ኧረ በፈጠረህ!» አለ። የሚገርመው ግን፣ እያጉረመረምን፣ ሰዓታችንን እያየን፣ ወንበራችን ላይ እየተቁነጠነጥን፣ ርዕሰ መምህርቷ መልስ በሰጡ ቁጥር የሁላችንም ጆሮ ቀጥ ይላል። ከጎኔ የተቀመጠችው እናት «ይሄ ሰውዬ በሽተኛ ነው» ብላኝ አፏን ሳትዘጋ፣ ጠጋ ብላ «ስለ ደረጃው ምን አሉ? አልሰማሁም» ብላ ጠይቃኛለች። እኔም ነግሬያታለሁ፤ አንድም ቃል አላመለጠኝማ።

የአቶ ፍሬን ባለቤት ፋርማሲስት ናት። ፈርቶ ለመጣ ሰው ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «በቀን ሁለቴ፣ ከምግብ በኋላ፣ ምንም አትሆንም» ስትል ነው የምትውለው። ቤት ስትገባም ይኸው ነው ሥራዋ። ሰኞ ከስብሰባው እንደተመለሱ ሐሳቧን ተናግራ ጨረሰች።

«እኔ ትሂድ ባይ ነኝ። አንተ ግን ከልብህ እሺ ካላልክ አልፈርምም። በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ስትንቆራጠጥ የማይህ እኔ ነኝ።»

ነገሩ ሁሉ በዚህ ሁኔታ በአቶ ፍሬን ጫንቃ ላይ ወደቀ። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት። ትሂድ ወይስ ትቅር?

አቶ ፍሬን ደግሞ በወሬ አይወስኑም፤ ፈትነው ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ልጃቸውን ይዘው ከተማው ውስጥ ካለው ትልቅ ሱፐርማርኬት ገቡ።

«የኔ እናት፣ አሁን ባሕር ማዶ ነሽ እንበል። ሰው ይተራመሳል። ዞር ስትዪ እኔ የለሁም። ምን ታደርጊያለሽ?»

«አንተማ መጀመሪያም የለህም እኮ አባዬ። ከአስተማሪያችን ጋር ነው የምሄደው።»

«እሱን ተይው። ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እኔ ልጥፋ።»

ልጅት ጨፈነች። አባት በእግራቸው ጣት እየተራመዱ ከልብስ ሳሙናው መደርደሪያ ጀርባ ተደበቁ። ዕቅዳቸው በካርቶኖቹ መሃል አጮልቀው እያዩ፣ ልጅቷ መደንገጥ ስትጀምር ወጥተው ማቀፍ ነበር። አጮልቀው ሲያዩ ግን ልጅ የለችም። በዚህ ዞሩ፣ የለችም። በዚያ ዞሩ፣ የለችም። የባትሪውን፣ የወረቀቱን፣ የሕፃናት ዳይፐሩን መተላለፊያ በሩጫ አዳረሱት። አንዲት ሴትዮ የሞላ ጋሪ እየገፋች ከፊታቸው ብትመጣ፣ እንደ ልማዳቸው ወለሉን በቀኝ እግራቸው ረገጡት። ጋሪው ግን አልቆመም፤ ጉልበታቸው ላይ አረፈ። እያነከሱ ሳለ ድምፅ ማጉያው ተከፈተ።

«ውድ ደንበኞቻችን፣ አንድ አባት ጠፍተውብናል። ሰማያዊ ሹራብ የለበሱ፣ ፀጉራቸው አናታቸው ላይ ሳሳ ያለ፣ ቶሎ የሚደነግጡ ናቸው። ያገኛቸው ሰው በሩ አጠገብ ወዳለው ሒሳብ መክፈያ እንዲያመጣልን በትሕትና እንጠይቃለን። ልጃቸው እየጠበቀቻቸው ነው።»

ሲደርሱ ልጅት ገንዘብ ተቀባይዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

«ስትጠፊ አትሩጪ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ፈልጊ ብለኸኝ አልነበር?» አለቻቸው። «አንተ ለምን ሮጥክ?»

ከዚህ በኋላ ማንም ሰው ልጅቷ ፈተናውን አልፋለች ይላል። አቶ ፍሬንም ብለዋል። ችግሩ እሳቸው መውደቃቸው ነው።

ረቡዕ ዕለት፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ መንዳት ሊማሩ የመጡ አንዲት እመቤት ይዘው ሰው በሌለበት ሰፊ መንገድ ሲሄዱ፣ መኪናዋ በድንገት ቀጥ አለች። የእመቤቲቱ መነጽር ጉልበታቸው ላይ ወደቀ።

«ምን አየህ ልጄ? ድመት ነው?»

«አይ፣ ምንም አይደል እማማ። ተንቀሳቃሽ ደረጃ ትዝ ብሎኝ ነው።»

«የምን ደረጃ?»

«የአውሮፕላን ማረፊያው። የልጅ ጫማ ማሰሪያ ቢይዝስ ብዬ።»

እመቤቲቱ መነጽራቸውን አንስተው አጠለቁና ትክ ብለው አዩዋቸው። «ሐኪም ቤት ባደርስህ ደስ ባለኝ» አሉ፤ «ግን መንዳት ገና አላስተማርከኝም።»

ያን ዕለት ማታ አቶ ፍሬን ይህንኑ ለሚስታቸው ሲያወሩ፣ ሚስት እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። በዚያ ሳምንት ያላማከሩት ሰው የለም፤ ሐኪም ጠይቀዋል፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭን የቀድሞ ተማሪያቸውን ጠይቀዋል፣ ባሕር ማዶ ደርሶ የመጣ የሩቅ ዘመድ በስልክ አፈላልገው፣ ሰውዬው ሥራ ላይ ነኝ እያላቸው ስለ መንገድ ማቋረጫ ጠይቀውታል።

«አንድ ሰው ግን ቀርቶሃል» አለች ሚስት።

«ማን?»

«ልጅቷ። መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ ብለህ ጠይቀሃታል?»



ሐሙስ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት አምጥተው መኪናዋን ቤታቸው በር ላይ አቆሙ። ሞተሩን አጠፉ፤ ግን አልወረዱም። ልጅት ከኋላ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች።

«የኔ እናት፣ ይሄ ባሕር ማዶ የመሄዱ ነገር… አንቺ ትፈልጊያለሽ?»

ልጅት የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች።

«አልሄድም» አለች።

አቶ ፍሬን ይህን ሲያወሩ አይደብቁም፤ ከደስታቸው ብዛት ጆሯቸው ጋለ። አለቀ፣ ደቀቀ! ራሷ አልሄድም ካለች ማን ምን ይላል? እሷም ቤቷ፣ እሳቸውም ሰላማቸው። በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን አውርደዋል። ግን የጥያቄ አመል ክፉ ነው፤ ይዞ አይለቅም።

«ለመሆኑ ለምን?»

«እንዲሁ።»

«አውሮፕላኑን ፈርተሽ ነው?»

«ኧረ አይደለም!»

«እናትሽ ትናፍቀኛለች ብለሽ ነው?»

«ትናፍቀኛለች። ግን አንድ ሳምንት ነው እኮ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ልጅት ወደ መስኮቱ ዞረች። «አንተን ማን ያይሃል?»

«እኔን?»

«ሌሊት ሌሊት ክፍሌ እየመጣህ እየተነፈስኩ መሆኔን ታዳምጣለህ አይደል?»

አቶ ፍሬን ይህን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም ብለው ነበር የሚያምኑት። ሚስታቸው እንኳ ውኃ ሊጠጡ የሚነሱ ነው የሚመስላት።

«ተኝተሽ አይደል እንዴ?»

«በሩ ሲጥ ሲል እነቃለሁ። ዝም ብዬ ስተነፍስ ብዙ ትቆማለህ። ስለዚህ አውቄ ጮክ አድርጌ እተነፍሳለሁ፤ ያኔ ቶሎ ሄደህ ትተኛለህ።» ዚፑን እንደገና ከፈተችው። «እኔ ከሄድኩ ግን መጥተህ ምንም አትሰማም። ሳምንቱን ሙሉ እዛው ቆመህ ብትቀርስ?»

አቶ ፍሬን እግራቸውን ወደ ውስጥ መልሰው በሩን ዘጉ። እሳቸው ይህችን ልጅ ከዓለም አደጋ ሁሉ ሲጠብቁ፣ ለካ እሷም ከእንቅልፏ እየነቃች እሳቸውን ስትጠብቅ ኖራለች። አፈሩም፣ ኮሩም፤ የትኛው እንደበለጠባቸው ግን እስካሁን ሊነግሩን አልቻሉም።

«አልቆምም» አሉ። «አልጋሽ ባዶ መሆኑን አውቄ ምን ልሰማ እመጣለሁ?»

«ብትረሳስ?»

«እናትሽ ታስታውሰኛለች።»

«እሷን እንቅልፍ ቢወስዳትስ?»

ሰኞ ዕለት ርዕሰ መምህርቷ ምን ተሰምቷቸው እንደነበር ለአቶ ፍሬን ያኔ ገባቸው።

«በተራ እንተኛለን» አሉ።

«ካለቀስክስ?»

«አለቅሳለሁ። ትንሽ አለቅስና ፊቴን ታጥቤ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ሰው ስለናፈቀ አይሞትም።»

ልጅት ይህን አሰበችበት። ቀጥሎ የመጣው ግን ከሁሉም የከበደው ነው።

«አባዬ፣ አንተ እንድሄድ ትፈልጋለህ?»

«አዎ» ማለት ይቻል ነበር። በጥሩ ወላጅ ወግ ፈገግ ብሎ «በደንብ እንጂ!» ማለትም ይቻል ነበር። አቶ ፍሬን ግን መዋሸት አልሆነላቸውም።

«አልፈልግም» አሉ። «እንደኔ ቢሆን ኪሴ ከትቼሽ ነበር የምዞረው። የኔን ግን ተይው። ያንቺን ንገሪኝ።»

«በጣም ነው የምፈልገው!» አለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ታፍኖ የከረመው ሁሉ አንድ ላይ ገነፈለ። ዕጣ ሲጣጣሉ የመስኮት ዳር ወንበር እንደደረሳት፣ ባሕሩን ከላይ እንደምታየው፣ ሁለተኛውን መዝሙር ብቻዋን ጀምራ ሌሎቹ የሚከተሏት እሷን እንደሆነ ነገረቻቸው። አቶ ፍሬን ወደ ኋላ ዞረው አንገታቸው እስኪታመም ሰሟት። ያን ሁሉ ቀን ስለ ደረጃ ብረት ሲጠይቁ፣ ልጃቸው የመዝሙሩ መሪ መሆኗን አንድም ሰው አልነገራቸውም፤ ማንንም አልጠየቁማ።

«ትሄጃለሽ» አሉ።

ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ዓይናቸው አብጧል። «ምን ወሰኑ?» አልናቸው። «ትሄዳለች» አሉና ሐሙስ የሆነውን ሁሉ በራሳቸው እየሳቁ አወሩልን፤ መሃል ላይ ግን ድምፃቸው ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። እኛም ያን ቀን ብዙ አልሳቅንም። ከዚያ እርስ በርስ ተያየን። ለካ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ከመካከላችን የፈረመ አንድም ሰው የለም። አቶ ፍሬን ልጃቸውን ከላኩማ የቀረ ጥያቄ የለም ማለት ነው ብለን ተንጋግተን ገባን። ያቺ «በሽተኛ ነው» ያለችው እናት ከፊቴ ተሰልፋለች፤ እኔም እስክሪብቶ የተዋስኩት ከእሳቸው ነው። በሰውዬው ስንስቅ ከርመን፣ የኛንም ፍርሃት ተሸክመው እጃቸውን የሚያወጡት እሳቸው እንደነበሩ የገባኝ ስፈርም ነው። እንደ ወንድም ወደድኳቸው።

የዚያን ዕለት ማታ፣ ልጄ ከተኛ በኋላ፣ እኔም እንደ ልማዴ በሩን ቀስ አድርጌ ገፋሁና ጆሮዬን ሰጠሁ። ይተነፍሳል። ያውም ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ነው የሚተነፍሰው። ስንት ዓመት ሙሉ፣ ይሄን ልጅ እግዜር እንዴት ያለ ሳንባ ነው የሰጠው እያልኩ ለሰው ስኮራበት ኖሬያለሁ።