ስድስት ጣት ያለው ንጉሥ

[ጎንደር፣ ከግንቡ ማዶ። ፎቶ አንሺው ሙሉሰው ሥራ የፈታበት ቀን ነው። አጠገቡ ትልቅ ጣውላ ቆሟል፤ አንድ ሠዓሊ ወዳጁ የድሮ ንጉሥ ምስል ገልብጦ የሣለበት ነው። ዘውዱ፣ ባለወርቅ ካባው፣ በትረ መንግሥት የጨበጠው እጅ፣ ሁሉም አለ። ፊቱ ብቻ ቀዳዳ ነው፤ ደንበኛ ከኋላ ሆኖ የራሱን ፊት ብቅ ያደርግበታል። ሙሉሰው ዛሬ ልቡ ተሰቅሏል። ለጥምቀት መጥታ ያያትን፣ ይመኙሽ የምትባል የደጋዋን የመካነ ብርሃን ልጅ ሽማግሌ ልኮ ጠይቋል፤ ቤተሰቦቿ ፎቶውን እንዲልክ አድርገው ተቀብለዋል፣ መልሱን ግን እስካሁን አልላኩም። በዚህ መሃል አንድ የማያውቃቸው ደገኛ አዛውንት ባርኔጣቸውን አውልቀው ጣውላው ፊት ቆመዋል።]

ሙሉሰው፦ ኧረ አያ፣ ባርኔጣዎን ያድርጉ። ጣውላ እኮ ነው።

አዛውንቱ፦ ፊታቸውን ማን ወሰደው?

ሙሉሰው፦ ማንም አልወሰደው። እኔ ነኝ በመጋዝ የቆረጥኩት።

አዛውንቱ፦ [ወደ ኋላ ሸሸት ብለው] ይህንንም በአደባባይ ታወራዋለህ?

ሙሉሰው፦ [በልቡ፦ ዛሬስ ምን ዓይነቱን ጣለብኝ] አያ፣ እርስዎ ከጣውላው ጀርባ ይዞሩና ፊትዎን በቀዳዳው ያስገባሉ። እኔ አነሳዎታለሁ። በቃ፣ ነገሡ ማለት ነው።

አዛውንቱ፦ እስከ መቼ?

ሙሉሰው፦ ምኑ?

አዛውንቱ፦ ንግሥናው። ማታ ከብት የምሰበስብ እኔው ነኝ።

ሙሉሰው፦ ፎቶው ላይ ብቻ ነው።

አዛውንቱ፦ ታዲያ ያየው ሰው ካባው የኔ ይመስለዋል?

ሙሉሰው፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ምስጢር ልንገርዎት። ሚስት ልትሆነኝ ለጠየቅኋት ልጅ ቤተሰብ የላክሁት በዚሁ የተነሣሁትን ነው። የአያቴ ካባ ነው፣ ለበዓል እለብሰዋለሁ ብዬ አስነግሬያለሁ።

አዛውንቱ፦ አመኑህ?

ሙሉሰው፦ የደጋ ሰው የዋህ ነው፤ እርስዎን አያካትትም እንጂ። ወርቁን ሲያዩ ሌላውን ማን ልብ ይላል?

አዛውንቱ፦ እጁም ሸጋ ነው። ጣቱ ስድስት ሆነ እንጂ።

[ሙሉሰው ዞር ብሎ ይቆጥራል። ደግሞ ይቆጥራል። እውነትም ስድስት ነው። ስንቱን ሰው ሲያነሣበት አንድ ቀን አላየውም።]

ሙሉሰው፦ እሱ... እሱ ችግር የለውም። ፎቶ ላይ ጣት የሚቆጥር ማን አለ?

አዛውንቱ፦ ይመኙሽ ናታ፣ ልጄ። እሷ ናት የቆጠረችው።

[ሙሉሰው ካሜራው ከእጁ ሊያመልጠው ነው።]

ሙሉሰው፦ አባቷ... እርስዎ ነዎት?

አዛውንቱ፦ ምነው ደነገጥህ? ካባው ሥዕል መሆኑንማ የዚያኑ ዕለት አወቅን። እኛን የጨነቀን ፊቱም ሥዕል እንዳይሆን ነው።

ሙሉሰው፦ [አንገቱን ደፍቶ] አፈርኩ፣ አባባ። ካባ የለኝም፤ ያለኝ ይህች ካሜራና ይህ ጣውላ ነው። እንግዲህ... ምን ይሏታል?

አዛውንቱ፦ [ባርኔጣቸውን እያጠለቁ] ፊቱ የእውነት ነው፤ ጣት መቁጠሩን ግን ስትጋቡ አንቺው ታስተምሪዋለሽ እላታለሁ።