የእትዬ በላይነሽ ቅምሻ

ጠላ ተወደደ ትላላችሁ? ኧረ እኛ ላሊበላ አልተወደደም! ቀበሌው ዋጋውን ቆርጦልናል። ጠላ ሻጯ እትዬ በላይነሽ ግን መላ አላጡም። እንደ ወጉ፣ መርዝ የለበትም ለማለት ቀምሰው ነው የሚሰጡን አይደል? ድሮ ቅምሻቸው ከንፈር ቢያረጥብ ነበር፤ ዛሬ ጣሳው ከአፋቸው ሲወርድ ግማሽ ሆኖ ነው።

ትናንት ታከተኝና፣ «እትዬ፣ እኔ ልቅመስልዎትና እርስዎ ይጠጡት» አልኳቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ገብሱንና ጌሾውን ማን በተመን ይሸጥልኛል?»

ግማሽ ጣሳዬን ተቀብዬ ተቀመጥኩ።

ይሄኔ ዋጋውን የቆረጠው የቀበሌ ሊቀ መንበር ገባ። እትዬ ጣሳውን ጢም አድርገው ሞልተው፣ ጠብታ ሳይቀንሱ አቀረቡለት። በቅናት አየነው። እሱ ግን ጣሳውን እንደያዘ ቀረ።

«እትዬ፣ ምነው ለእኔ ሳይቀምሱልኝ?»