ቅቤ የተፋሁ ዕለት

ሲደሰት «ልቤ ቅቤ ጠጣ» ለሚል ሕዝብ የልብ ሐኪም ማስተማር ከንቱ ድካም ነው! እውነቴን ነው። ሐኪሙ «ልብህን ከቅቤ ጠብቅ» ሲልህ «ከደስታ ራቅ» ያለህ ይመስልሃል። እኔንም የመሰለኝ ይኸው ነው።

ሥራዬ ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ መሸጥ ነው። ምላሴ ግን የራሴ ሆኖ አያውቅም፤ የሰፈር ነው። ከአማኑኤል እስከ ሲኒማ ራስ ቅቤ የሚገዛ ሁሉ እኔን ይዞ ቅቤ ተራ ይወርዳል። በጣቴ ጫፍ ቆንጠር አደርጋለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ እውጣለሁ። «ንጹሕ ነው» ካልኩ ተገዛ፤ «ድንች ገብቶበታል» ካልኩ ሻጯ ቅሏን ታቅፋ ወደ ቤቷ! የመስቀል ሰሞን ብቻ የቀመስኩት ቢሰበሰብ አንድ ሠርግ ይወጣዋል።

ታዲያ አንድ ቀን የጋቢ እስር ተሸክሜ ዳገት ስወጣ ትንፋሼ እምቢ አለኝ። ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣ ልጅ እግር ዶክተር ዘንድ ሄድኩ። ደረቴን አዳመጠና ምን እንደምበላ ጠየቀኝ። ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። ልብ ሥጋ ነው አለኝ፤ ያንን ሥጋ የሚያሠሩት ፕሮቲን የሚባሉ ጥቃቅን ሠራተኞች ናቸው፤ ገሚሶቹ ስኳር ያነዳሉ፣ ገሚሶቹ ስብ። ጠዋት ማታ ስብ ብቻ ስትግተው ስብ የሚያነዱት ይበዛሉ፣ ስኳር የሚያነዱት ሥራ ይፈታሉ፣ ልብም እንደ ድሮው መሥራት ያቅተዋል።

እኔ የገባኝን ልንገርህ... ልቤ ውስጥ ቅቤ ተራ ተከፍቷል! ስኳር ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ሄዷል፤ ኩሊው ሁሉ ቅቤ ይሸከማል። ፈራሁ። ስድስት ልጆች አሉኝ።

«ጋሼ፣ መቅመሱን መተው ካልቻሉ ቀምሰው ይትፉት» አለኝ ዶክተሩ። እንዴት ያለ ቀላል መፍትሔ ነው! ባሕር ማዶ ቅቤ ተራ እንደሌለ ያን ጊዜ አላሰብኩም።

በማግስቱ አንድ ጎረቤቴ ቅቤ ሊገዛ እትዬ ዘርፌ ዘንድ ወሰደኝ። እትዬ ዘርፌ ሃያ ዓመት አንድ ቦታ ተቀምጠው የሸጡ፣ ሰው በቅቤያቸው የሚምልላቸው ሴት ናቸው። ቀመስኩ። ለጋ ነው፤ ጥርት ያለ። የዶክተሩ ቃል ትዝ አለኝና ዞር ብዬ... ትፍ!

ገበያው ቀጥ አለ። ቀማሽ ቅቤ ሲተፋ ምን ማለት እንደሆነ የቅቤ ተራ ዝንብ እንኳ ያውቃል፤ ከድንችም የባሰ ነገር ተገኝቷል ማለት ነው። ገዢዎች አንድ በአንድ ከእትዬ ዘርፌ ፊት ሸሹ። እኔም ሹልክ ልል ስል እሳቸው ተነሡ።

«በጃንሆይ አምላክ ብዬሃለሁ፣ ከቦታህ እንዳትንቀሳቀስ!»

በጃንሆይ አምላክ የተባለ ሰው ይቆማል። ቆምኩ። የሐኪም ትእዛዝ መሆኑን አስረዳሁ፤ ልቤ ውስጥ ሥራ ስለፈቱት የስኳር ሠራተኞችም ተናገርኩ። ሕዝቡ በሐዘኔታ አየኝ። አንዱ «አማኑኤል ቅርብ ነው፣ ብንወስደው» ሲል ሰማሁ።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል» አሉ እትዬ ዘርፌ፤ «ያንተን ግን በቅቤ አሸዋለሁ። ሕዝብ ፊት እንደተፋህ ሕዝብ ፊት ትውጣለህ።»

አንድ ሙሉ ጭልፋ ዋጥኩ። የሳቸው ስም ተመለሰ፤ እኔ ግን ልቤ ውስጥ ተጨማሪ ሱቅ ሲከፈት ተሰማኝ።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ባለቤቴ የሰው ሲሳይ መትፋት ኃጢአት ነው ብላ ወደ ንስሐ አባታችን ሰደደችኝ። አባ አንድም ሳይስቁ ሰሙኝ።

«የእግዚአብሔርን በረከት ተፍተሃል። ቀኖናህ ይህ ነው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ቅቤ በአፍህ እንዳይዞር።»

አንድ ዓመት! «ሐኪም ከለከለኝ» ስል የሚስቅብኝ ገበያ «ቀኖና ላይ ነኝ» ካልኩት ቅቤ ሊያስቀምሰኝ አይደፍርም። ልጆቼ አባት አላቸው ማለት ነው። ከደስታዬ ብዛት ተንበርክኬ አለቀስኩ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ጋቢዬ እስኪርስ።

አባ ጸጸት መሰላቸው። ራሴን በመስቀላቸው ዳበሱኝ።

«በቃህ ልጄ። እንዲህ ከተጸጸትክማ ሦስት ቀን ይበቃሃል።»

ሦስቱ ቀን ዛሬ አለቀ። ነገ ቅቤ ተራ ወርጄ የማንን ቅቤ እንደምተፋ እያሰብኩ ነው። ለዚያ የሚሰጠኝን ቀኖና ስቀበል ግን ዓይኔ ቢወጣ አላለቅስም።