የአንድ እግር ጫማ

(ጠዋት። በሩ የተሰበረ መድኃኒት ቤት ፊት ለፊት። ካሜራማኑ ቀይ ኮፍያና ጥቁር ጃኬት አድርጓል፤ ለቴሌቪዥን ጣቢያ ምስል እየቀረጸ የሚሸጥ፣ አለቃም ይሉኝታም የሌለበት ሰው ነው። ሹፌሩ የካሜራማኑ ሚስት ታላቅ ወንድም ነው፤ ሥራ ከጀመረ ገና ሳምንቱ። አንድ እግር ጫማ ይዞ ቆሟል።)

ካሜራማን፦ ወደ መሀል አልኩህ እኮ ጋሼ! መሀል መንገድ ላይ!

ሹፌር፦ በሩ ሥር ነው ያገኘሁት። ባለቤቱ ቢመለስ እዚያው ነው የሚፈልገው።

ካሜራማን፦ ባለቤቱ ሌባ ነው! ሲሮጥ ወልቆበት ነው!

ሹፌር፦ ታዲያ የወለቀው በሩ ሥር ነዋ።

ካሜራማን፦ በር ሥር ያለ ጫማ፣ ጫማ ነው። አስፋልት ላይ ያለ ጫማ ግን ዜና ነው። አምጣው! (ይቀማዋል። አስፋልቱ ላይ አጋድሞ ካቻፕ ጠብ ጠብ ያደርግበታል።)

ሹፌር፦ ውይ! ማን ቆስሎ ነው?

ካሜራማን፦ ማንም። ደም ያላየ ሰው ቻናል ይቀይራል። የጣቢያው ዜና አዘጋጅ ያለኝን ሰምተሃል፤ የዛሬው አንደኛ ዜና ካልሆነ ሁለተኛ በራችንን እንዳታንኳኳ ብሎኛል። የሚዘጋው የእህትህ ጉሮሮ ነው!

ሹፌር፦ ፖሊስ እንኳ ልጥራ?

ካሜራማን፦ አብደሃል? ፖሊስ ከመጣ ገመዱን ይዘረጋል፤ እኛ ከገመዱ ውጭ አንገታችንን ስናሰግግ ልንውል ነው። ሕጋችን ምን ነበር?

ሹፌር፦ (እንደ ተማሪ) መጀመሪያ ምስል፣ እርዳታ ኋላ።

ካሜራማን፦ ጎሽ!

ሹፌር፦ ከባንኮኒው ጀርባ «እምም… እምም…» የሚለውስ?

ካሜራማን፦ ፍሪጅ ነው። የመድኃኒት ፍሪጅ እንደዚያ ነው የሚጮኸው።

ሹፌር፦ ያስለዋል እኮ።

ካሜራማን፦ አርጅቶ ነዋ! ይልቅ ዘበኛውን የት አደረግከው?

ሹፌር፦ እንዳልከኝ መኪናችን ውስጥ።

ካሜራማን፦ እሰይ! ሌላ ካሜራ ቢመጣ እንኳ አያገኘውም። ምስክሩ የእኛ ብቻ ነው።

ሹፌር፦ ሁለት ካርቶንም ይዞ ነበር፣ ከኋላ ጫንኩለት። ምሳ ዕቃው ነው እንዳልል ይከብዳል።

ካሜራማን፦ የደነገጠ ሰው ያገኘውን ያቅፋል።

ሹፌር፦ ደግሞ አንድ እግሩ ባዶ ነው።

ካሜራማን፦ ታግሎ ነዋ! ጀግና እኮ ነው!

ሹፌር፦ የለበሰው የዘበኛ ካፖርትም እጅጌው ክርኑ ላይ ነው የቀረው…

ካሜራማን፦ ጋሼ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም! ቃሉን ሲሰጥ ብትሰማው ጉድ ትል ነበር። ሌባውን ሲገልጸው፣ «ዘለግ ያለ፣ ጥቁር ጃኬት፣ ቀይ ኮፍያ፣ ግራ ጉንጩ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበት!» ፊት ለፊት እያየው የሚናገር ነው የሚመስለው!

ሹፌር፦ ማንን እያየ ነበር?

ካሜራማን፦ እኔን ነዋ! ካሜራውን የያዝኩት እኔ አይደለሁ?

ሹፌር፦ አንተም እኮ ጉንጭህ ላይ…

ካሜራማን፦ ጉንጩ ላይ ነጥብ የሌለበት ማን አለ! ለማንኛውም ልኬዋለሁ፤ ይሄኔ አየር ላይ ነው። (የመኪና ድምፅ።) ጋሼ… መኪናችን እየሄደች ነው?

ሹፌር፦ (ስልኩን ወደ መንገዱ እንደደገነ) አዎ።

ካሜራማን፦ ማን ነው የሚነዳት?

ሹፌር፦ ዘበኛው። ቁልፉን እዚያው ተወው፣ ቶሎ እንድንነሳ ብለኸኝ የለ?

ካሜራማን፦ ኧረ ሌባ! ሌባ! ያዙት!

ሹፌር፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ካሜራማን፦ እያየኸው አትጮህም ነበር?

ሹፌር፦ እርዳታ ኋላ አላልክም? ቀረጽኩት። እጁንም አውለበለበልኝ፤ መልካም ሰው ነው።

ካሜራማን፦ (ጫማውን አየት አድርጎ) ባዶ እግሩ… ካፖርቱ… ጋሼ፣ ሌባው እሱ ነበር!

ሹፌር፦ እንግዲያው ፍሪጁ ነዋ ዘበኛው!

(ሹፌሩ ሮጦ ይገባል። የካሜራማኑ ስልክ ይጮኻል፤ ያዳምጣል፤ ፊቱ ይገረጣል። ሹፌሩ ይመለሳል።)

ሹፌር፦ ፈታሁት፤ ውኃም ሰጠሁት፣ ደህና ነው። የመታውን ሰው ፊት አላየም፤ «ፍሪጅ ነው» ያለኝን ሰው ድምፅ ግን መቼም አልረሳውም ይላል። አዘጋጁ ነው የደወለው?

ካሜራማን፦ (በደከመ ድምፅ) አንደኛ ዜና ሆነናል። አገር ምድሩ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው እየፈለገ ነው አለኝ።

(የፖሊስ መኪና ጩኸት ይቀርባል። ካሜራማኑ ኮፍያውን ይወረውራል፤ ካቻፕ የነካ እጁን ጃኬቱ ላይ ይጠርጋል፤ ይብስበታል።)

ካሜራማን፦ ጋሼ፣ በእህትህ ይዤሃለሁ! እውነቱን ንገርልኝ! እርዳኝ!

ሹፌር፦ (ኮፍያውን አንስቶ አቧራውን ያራግፍና መልሶ ይደፋለታል፤ ካሜራውን ትከሻው ላይ ያወጣል።) እነግርልሃለሁ፣ ምን ችግር አለ። አሁን ግን ትንሽ ወደ ብርሃኑ ዞር በል፤ የእህቴ ጉሮሮ እንዳይዘጋ።