የእናትዓለም ቁልቋልና ሐኪሟ አቶ ሀብተ ሥላሴ

ሳይጠየቅ ምክር የሚያድል ጎረቤት የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም፤ ካለም ገና ሰው አልገባበትም። ባሕር ዳር ውስጥ ለአንደኛው የጣና ዳር ሰፈር የደረሱት አቶ ሀብተ ሥላሴ ናቸው፦ ሊቀ ሊቃውንት፣ መጋቤ ምክር፣ ሐኪመ ራዲዮ ወዶሮ። ነገር ሲበላሽ ከባለቤቱ ቀድመው ይደርሳሉ። ከተሳካላቸው «አላልሁም?» ይላሉ፤ ካልተሳካላቸውም «አላልሁም?» ይላሉ።

ጎረቤታቸው ወለተ ኪዳን ይህን ቃል ስትሰማ ጥርሷን ትነክሳለች። ዘንድሮ ግን ጨነቃት። ልጇ እናትዓለም ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ስትሄድ፣ በዱቄት ወተት ጣሳ የተተከለች የቤት ቁልቋል ሰጥታት «ስመለስ አብባ ልያት» ብላት ነበር። አሁን ዘማቾቹ ሊመለሱ ነው ተብሎ ከተማው በደስታ ይታመሳል። ቁልቋሏ ግን ጥፍር ታህል አልጨመረችም። ወለተ ኪዳን ለማንም አትናገር እንጂ «ካላበበች ልጄም ደህና አይደለች» ብላ በልቧ ደምድማለች።

አቶ ሀብተ ሥላሴ ሳይጠሩ መጡ። ጆሯቸውን ጣሳው ላይ ለጥፈው አዳመጡ።

«ችግሩ ሳይንሳዊ ነው» አሉ፤ ቃሉን ያመጡት ከቀበሌ ስብሰባ ነው። «ውኃ አጥግበሻታል። ጠብታ እንዳታቀምሻት። እኔን ከሰማሽኝ ልጅሽ ሳትደርስ ታብባለች።»

«እሺ ጋሼ።»

ጣሳውን ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ አጥር አዞሩት። ከሐይቁ ዳር አሸዋ በባርኔጣቸው ተሸክመው አመጡ። ዶሮዎቹን እንዳይረብሿት ገሠጹ። ወለተ ኪዳንም ጠብታ አላፈሰሰችም። አፈሩ ግን ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ቁልቋሏም ከሥሯ መልፈስፈስ ጀመረች። መጋቤ ምክር ምክር አለቀባቸው።

አንድ ማለዳ ወለተ ኪዳን በሯን ስትከፍት አቶ ሀብተ ሥላሴ ቁልቋሏ ላይ አጎንብሰዋል። ከደቅ ደሴት በጀልባ የመጣ ጠበል ከጠርሙስ ያንቆረቁራሉ።

«ጋሼ፣ ውኃ አትቅመስ ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

«ጠበል ውኃ ነው እንዴ?» አሉ ከልባቸው ተቆጥተው። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ቁልቋሏን እያየሽ ስታለቅሽ አየሁሽ። ልጅቱ በደህና ትግባ ብየ በየማለዳው አጠምቃታለሁ።»

ወለተ ኪዳን ሳቅም እንባም መጣባት፤ ሁለቱንም ለቀቀችው። የተረፈውን ጠበል ለእናትዓለም አስቀመጠች። ቀዳዳ ያልነበረውን የጣሳውን ግርጌ አብረው በምስማር ሲበሱት የከረመው ውኃ ሁሉ እግራቸው ላይ ፈሰሰ።

ቁልቋሏ አፈሯ ሲደርቅላት ጠነከረች፤ ቅጥያ አወጣች፣ ቀጥላም ቀይ እምቡጥ ያዘች። እናትዓለም ፀሐይ አክስሏት፣ ከስታ፣ ግን እየሮጠች በአጥሩ በር ስትገባ አበባው ፈክቶ ጠበቃት።

«እማዬ፣ ማን ነው እንዲህ ያሳመራት?»

አቶ ሀብተ ሥላሴ ከአጥሩ ማዶ አንገታቸውን አስግገው ቆመዋል። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ ያች የለመዷት ቃል ከአፋቸው አልወጣ አለቻቸው። ወለተ ኪዳን አየቻቸውና ወደ ልጇ ዞረች።

«ጋሼ ናቸው» አለች። «ታብባለች አላሉም?»